ልሂድ ወይስ ልቅር? ለሥራ ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር የሚሠራ ሒሳብ

ለሥራ ከአገር ለመውጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ይከፍላሉ?» እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። የተባለውን ደሞዝ ከማገኘው ጋር አስተያየሁና «አራት እጥፍ!» አልኩ። ሒሳቡ አለቀ፤ ሻንጣ መግዛት ብቻ ቀረኝ። ሒሳቡ ጭራሽ እንዳልተጀመረ የገባኝ ከሄድኩ ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሂዱም አትሂዱም አይልም። ሄደው ቤታቸውን ያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። ሄደው ከነበሩበትም ወርደው የተመለሱ አውቃለሁ። ዕድል ድርሻ አለው፤ አልክድም። ግን ከመሄዳቸው በፊት የቆጠሩትና ያልቆጠሩት ነገር ብዙውን ለይቷቸዋል።

የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ የስልክ ካልኩሌተርና ሦስት ምሽት ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ አብሯችሁ የሚቆጥር ሰው። ሚስት ትሁን፣ ባል ይሁን፣ እናት ወይም ታላቅ እህት፣ ከሄዳችሁ በኋላ ቤቱን የሚሸከመው ሰው አብሮ ይቀመጥ። ብቻችሁን የሠራችሁት ሒሳብ ሁልጊዜ «ሂድ» ነው የሚለው።

ደረጃ 1፦ የምትሄዱበትን ምክንያት ከነቁጥሩ ጻፉ

«ኑሮዬን ለመቀየር» ምክንያት አይደለም፤ ምኞት ነው። «8,000 ዶላር ዕዳ ለመክፈል» ምክንያት ነው። «ለሁለቱ ልጆች የአምስት ዓመት የትምህርት ወጪ ለመሸፈን» ምክንያት ነው። «በሙያዬ ለማደግ፣ ለጊዜው ገንዘቡ ባይጨምርም» እሱም ምክንያት ነው። ሦስቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ደሞዝ ቢቀርብላቸው እንኳ መልሳቸው አንድ መሆን የለበትም።

ቁጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ ከጎኑ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህን ገንዘብ እዚሁ ሆኜ በስንት ዓመት አገኘዋለሁ? መልሱ «በአራት ዓመት» ከሆነና ስደቱ ሦስት ዓመት የሚወስድ ከሆነ፣ ለአንድ ዓመት ልዩነት ነው ከልጅ የምትለዩት። ይህን በግልጽ ማየት ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንዴ እውነተኛው ምክንያት ገንዘብ አይደለም። የጎረቤት አዲስ ቤት ነው፤ ወይ ከአለቃ ጋር የተፈጠረ ጠብ ነው፤ ወይ «አንተ ብቻ ቀረህ እኮ» የሚል ዘመድ ነው። እሱም ይጻፍ። ወረቀት ላይ ሲታይ ክብደቱ ይቀንሳል።

ደረጃ 2፦ ደሞዙን እርሱትና በወር የሚተርፈውን ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ በዶላር ያደረግኳቸው ለመቁጠር እንዲመች ነው። የራሳችሁን ተኩባቸው።

አንድ አባት በአገሩ በወር 400 ያገኛል። ቤቱ 350 ያወጣል። 50 ይተርፋል። ውጭ 1,500 ተባለ። አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ከ1,500 ላይ ግብርና ማኅበራዊ ዋስትና 225 ተቆረጠ እንበል። 1,275 ቀረ። የቤት ኪራይ 400፣ ምግብ 250፣ ትራንስፖርትና ስልክ 100። ልብስ፣ መድኃኒትና የወረቀት ጉዳይ ምናምን 75። በእጁ 450 ይቀራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «ከ50 ወደ 450!» ይላል። ቆይ፣ ገና ነው።

እሱ ሲሄድ ያቺ 400 ደሞዙም አብራው ሄዳለች። ቤተሰቡ ግን መብላቱን አልተወም። የእሱ የራሱ ወጪ ከቤት ሲወጣ 80 ቢቀንስ፣ 270 በየወሩ ይፈለጋል። በዚያ ላይ በነጻ ይሠራው የነበረ ሥራ አለ። ልጅ ያደርሳል፣ እናቱን ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ የሚፈስ ቧንቧ ይጠግናል። ከእንግዲህ ይህንን ሥራ ሌላ ሰው ተከፍሎት ነው የሚሠራው። 60 እንበል። ድምሩ 330 ሆነ። የሐዋላ ወጪ ደግሞ አለ። በዓለም አማካይ 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 330 እጃቸው እንዲገባ 350 መላክ አለበት።

450 ሲቀነስ 350፣ 100። በአገሩ ደግሞ 50 ይተርፈው ነበር።

አራት እጥፍ የተባለው ደሞዝ በወር የጨመረለት 50 ዶላር ነው። ልጁን በስልክ ለማሳደግ የተከፈለው ዋጋ ማለት ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ። ደሞዙ 1,800 ይሁን። ከጭማሪው 300 ላይ ያው 15 በመቶ ቢቆረጥ 255 ይደርሰዋል። ኪራዩና ምግቡ አልተለወጡም። ስለዚህ 255ቱ በሙሉ ትርፍ ላይ ይደመራል፤ ከ100 ወደ 355 ይዘላል። ደሞዙ በአንድ አምስተኛ አደገ፤ ትርፉ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ወደ ታች ሲሆንም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው «በግምት 1,500 ገደማ» የሚል ወሬ የማይረባው። «ገደማ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ዕጣ ፈንታችሁ ተቀምጣለች።

ሥራ የሌለው ሰው ሒሳቡ ይለያል። የሚያጣው ደሞዝ ስለሌለ ሚዛኑ ወደ መሄድ ያደላል። አሠሪው መኖሪያና ምግብ የሚችልለትም እንዲሁ። ግን እነሱም ቢሆኑ የሚቀጥሉትን ደረጃዎች አይዝለሉ።

ደረጃ 3፦ የመውጫ ወጪውንና ዕዳውን በወራት ቁጠሩ

የመውጫ ወጪ ሲባል ቲኬትና ቪዛ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ሰነድ ማስተርጎምና ማረጋገጥ፣ የቋንቋ ፈተና፣ የሙያ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያና ማስያዣ፣ ለአየሩ የሚሆን ልብስ። የመጀመሪያው ደሞዝ እስኪገባ የምትኖሩበት ገንዘብ ደግሞ አለ። ብዙ ቦታ ደሞዝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ነው። እኔ ይህችን የመጨረሻዋን ረስቼ፣ የመጀመሪያ ስድስት ሳምንቴን ከማላውቀው ሰው በተበደርኩት ገንዘብ ነው የኖርኩት።

ያ አባት ለዚህ ሁሉ 3,000 ተበደረ እንበል። ወለዱን እንተወው። በወር 100 ከተረፈው ዕዳውን ለመጨረስ 30 ወር ይፈጅበታል። ውሉ የሁለት ዓመት ከሆነ፣ ጊዜውን ጨርሶ ሲመለስ ገና 600 ዕዳ አለበት። ባይሄድ ኖሮ በነዚያ 24 ወራት 1,200 ያጠራቅም ነበር።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ «ዕዳው መቼ ያልቃል?» ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ባልሄድ ኖሮ የምደርስበት ቦታ ላይ መቼ እደርሳለሁ?» ነው። ለሁለተኛው 3,000ን ለልዩነቱ፣ ለ50 አካፍሉት፤ 60 ወር ይሆናል። አምስት ዓመት። ደሞዙ 1,800 ቢሆን ግን ልዩነቱ 305 ስለሆነ በ10 ወር ገደማ ይደርሳል። እኔ ለራሴ የያዝኩት መለኪያ ይህ ነው፦ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከውሉ ዘመን ግማሽ ከበለጠ አልንቀሳቀስም። ሳይንስ አይደለም። ግን ከመንገድ ላይ ጣጣ የሚተርፍ ትንፋሽ ይሰጣል።

ብድሩን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት መያዣ አታድርጉ። ዕዳው በምን ገንዘብ እንደሚከፈልም እወቁ። በአንድ ገንዘብ ተበድሮ በሌላ ገንዘብ ደሞዝ የሚያገኝ ሰው፣ የምንዛሪ ተመን በተናወጠ ቁጥር አብሮ ይናወጣል። በፈረንጆች 2014 አጋማሽ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አንድ ዶላር ከ35 የሩሲያ ሩብል ብዙም አይበልጥም ነበር። በ2015 መጀመሪያ ላይ ከ60 አለፈ። ከመካከለኛው እስያ ሄደው ሩሲያ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከሥራቸው ሳይባረሩ፣ አንድ ቀን ሳይቀሩ፣ የሚልኩት ገንዘብ በግማሽ ያህል ቀለጠባቸው።

ለደላላና ለኤጀንሲ ስለሚከፈለው ደግሞ ይህን እወቁ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1997 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 181፣ የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መውሰድ እንደሌለባቸው ይደነግጋል። ልዩ ሁኔታዎችን ይፈቅዳል፤ ሁሉም አገር አላጸደቀውም። ቢሆንም «ክፍያው ያለ ነው፣ ሁሉም ይከፍላል» ሲባል ወዲያው ኪሳችሁን አትክፈቱ። ሕጉ በምትኖሩበት አገር ምን ይላል? አሠሪው ምን ምን ይሸፍናል? ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ አለ ወይ? ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ነገ ስልክም አያነሳም።

ደረጃ 4፦ «ባይሳካስ?» የሚለውን በቁጥር ጠይቁ

ማይክል ቶዳሮ የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1969 አንድ ነገር አስተዋለ። ከተማው በሥራ አጥ ተሞልቶ ሳለ ሰው ከገጠር መፍለሱን ለምን አያቆምም? መልሱ፣ ሰው የሚያየው ደሞዙን ብቻ ሳይሆን ደሞዙን ከማግኘት ዕድሉ ጋር አባዝቶ ነው የሚል ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ማባዛቱ ነው።

በምሳሌያችን እንሂድ። እንደ እሱ ካሉ አሥር ሰዎች ስድስቱ የተባለውን 1,500 አገኙ። ሦስቱ እዚያ ሲደርሱ 1,200 ተባሉ። አንዱ ምንም አላገኘም። አማካዩ 1,260 ነው። ከዚህ ላይ 15 በመቶ ቀንሱ፣ የኑሮ ወጪውን 825 ቀንሱ፤ 246 ይቀራል። ቤት የሚላከው 350 ነው። በወር 104 ጎደለ።

ልብ በሉ፣ ማንም አማካዩን አይኖረውም። ወይ ከስድስቱ አንዱ ናችሁ፣ ወይ ከአራቱ። ዋናው ጥያቄ አራቱ ውስጥ ብትወድቁ ቤተሰባችሁ ይቆማል ወይ ነው። በአራተኛው ወር ደሞዝ ቢቋረጥ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? ይህችን አንዲት ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ አያታለሁ። መልሱ «እናቴ ወርቋን ትሸጣለች» ወይም «ልጁ ከትምህርት ቤት ይወጣል» ከሆነ፣ ገና አልተዘጋጃችሁም።

ዝግጅት የምለው ሁለት ነገር ነው። ቤት ውስጥ የሦስት ወር አስቤዛና ኪራይ የሚሸፍን፣ ማንም የማይነካው ገንዘብ። በምሳሌያችን 1,000 ያህል ነው። እናንተ እጅ ላይ ደግሞ የመመለሻ ቲኬት ዋጋ። ሁለቱ ሳይሟሉ ቀን አትቁረጡ። ስድስት ወር ቢያዘገያችሁ ያዘግያችሁ።

ዕድሉን እንዴት ታውቁታላችሁ? ሰው በመጠየቅ። ግን ማንን? እዚያው አገር ያለን ሰው ሁሉ አይደለም፤ እዚያው ሥራ ላይ፣ ቢቻል እዚያው አሠሪ ዘንድ ያለን ሰው። ሦስት ሰው ጠይቁ፤ ከሦስቱ አንዱ ተመልሶ የመጣ ይሁን። «ስንት ታገኛለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ባለፈው ወር ኪራይ ከፍለህ፣ ቤት ልከህ ስንት ቀረህ?» በሉት። «ደሞዝ ዘግይቶብህ ያውቃል?» በሉት።

ፎቶ ላይ መኪና ተደግፎ የሚታየውን ሰው እንዳታምኑ ብዙ ተብሏል። ተቃራኒውም እንዳለ ግን አስታውሱ። ኒውዚላንድ ከቶንጋ ደሴቶች ሰው በዕጣ ታስገባለች። ተመራማሪዎች አመልካቾቹን ሲጠይቁ፣ ሰዎቹ እዚያ የሚያገኙትን ገንዘብ ከእውነተኛው አሳንሰው ነበር የገመቱት። ከምክንያቶቹ አንዱ ቀድመው የሄዱ ዘመዶች «ላኩልን» እንዳይበዛባቸው ገቢያቸውን አሳንሰው መናገራቸው ሊሆን እንደሚችል አጥኚዎቹ ጽፈዋል። እንግዲህ የአክስት ልጃችሁ «እዚህ ምንም የለም» ቢላችሁ፣ ለምን እንዳለው አስቡበት። ለዚህ ነው አንድ ሰው ጠይቆ ማቆም የማይበጀው።

ደረጃ 5፦ ውሉንና ቪዛውን አንብቡ፣ እንቅልፍ ቢያስመጣም

ውሉ በምታነቡት ቋንቋ ይሁን፤ ካልሆነ አስተርጉሙት። የአሠሪው ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነት፣ ደሞዙና በምን ገንዘብ እንደሚከፈል፣ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ መኖሪያ፣ ቲኬት ማን እንደሚችል፣ ውሉ እንዴት እንደሚቋረጥ። እነዚህ ከሌሉበት ወረቀት ነው እንጂ ውል አይደለም። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የዓለም ሥራ ድርጅት የ2011 ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሠራተኛ ድንበር ከመሻገሩ በፊት በጽሑፍ የሰፈረ የሥራ ቅጥር ግብዣ ወይም ውል ሊደርሰው ይገባል ይላል። ፓስፖርቱንም ራሱ የመያዝ መብት እንዳለው ይኸው ስምምነት አስፍሯል። «እዚያ ስትደርሱ ትፈርማላችሁ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ቪዛው ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ።

መጀመሪያ፣ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው ወይ? ከሥራ ብትወጡ ስንት ቀን አላችሁ? በአሜሪካ ለባለሙያ ሠራተኞች የሚሰጠው የኤች-ዋን-ቢ ቪዛ ያለው ሰው ሥራው ሲቋረጥ ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በ60 ቀን ውስጥ አዲስ አሠሪ ማግኘት ወይም ሻንጣ ማሰር። በካፋላ ሥርዓት የሚሠሩ አገሮች ውስጥ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ ራሱ በአሠሪው እጅ ነው። ካታር በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ሕጓን አሻሽላለች። ሁሉም ግን ካታርን አልተከተለም። የምትሄዱበትን አገር ሕግ የዛሬውን እወቁ፤ የአጎታችሁን ጊዜ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ይከተላል ወይ? «ከአንድ ዓመት በኋላ እወስዳችኋለሁ» ብዙ ቤት ውስጥ የተሰጠ ቃል ነው። ብሪታንያ ከማርች 11 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ የሚመጡ የእንክብካቤ ሠራተኞች ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን እንዳያመጡ ከለከለች። እቅዳቸውን በዚያ ላይ ያቆሙ ሰዎች በአንድ ማስታወቂያ ፈረሰባቸው። ስለዚህ ሒሳባችሁን ቤተሰብ «አይመጣም» በሚለው ሥሩ። ከመጣ ደስታ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙያችሁ እዚያ ሙያ ነው ወይ? ነርስ፣ መምህር፣ መሐንዲስ ሆናችሁ ፈቃዳችሁ ተቀባይነት እስኪያገኝ ሁለት ዓመት ሌላ ሥራ መሥራት ሊኖር ይችላል። ክፉ አይደለም፤ ግን የደረጃ 2 ደሞዝ የነርስ ደሞዝ መሆኑ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ የሚቀረውን ቤት እንደ ሥራ ቦታ ቁጠሩት

አንድ ወዳጄ ሒሳቡን ሁሉ ጨርሶ ለሚስቱ አሳያት። አየችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«እናትህ ሌሊት ቢታመሙ ማን ነው የሚያነሳቸው?»

«ታክሲ ትጠሪያለሽ።»

«ልጆቹንስ ማን ላይ ጥዬ?»

ዝም አለ። በማግሥቱ አዲስ ገጽ ገለጠ። የእናቱን መድኃኒት ቀን፣ የልጆቹን ሰዓት፣ ቤት ኪራይ የሚቀበለውን ሰው፣ ቁልፍ የሚይዘውን ጎረቤት፣ ሁሉንም ጻፈ። አሥራ አራት ነገር ሆነ። ከየአንዳንዱ ጎን «ማን?» ብሎ ስም ሞላ። አራቱ ባዶ ቀሩ። የጉዞው ቀን በነዚያ አራት ባዶ መስመሮች ምክንያት በሦስት ወር ተገፋ። ዛሬም ድረስ ጥሩ ውሳኔ ነበር ብሎ ያምናል፤ ሚስቱ ደግሞ የእኔ ሐሳብ ነበር ትላለች።

ይህን ገጽ እናንተም ሥሩ። ስትሠሩት እውነት ተነጋገሩ። «እህቴ ታግዛችኋለች» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ እህት ግን ተጠይቃለች ወይ?

ስለ ቤተሰብ ዋስትና ስናወራ የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ኦዴድ ስታርክና ዴቪድ ብሉም በ1985 ያነሱት ሐሳብ ይጠቅማል። ስደት የአንድ ሰው ሩጫ ሳይሆን የቤተሰብ መድን ነው ይላሉ። አንዱን ወደ ሌላ ገበያ መላክ፣ እዚህ ያለው ሲደርቅ እዚያ ያለው እንዲያጠጣ፣ እዚያ ያለው ሲታመም እዚህ ያለው እንዲይዘው። ሐሳቡ ይስማማኛል። ግን አንድ ነገር ይከተለዋል። እንዲሄድ ብላችሁ ቤቱን፣ መሬቱን፣ ሱቁን ከሸጣችሁ፣ መድኑን ራሱን ሸጣችሁ ማለት ነው። ሁለት እግር የነበረው ቤት በአንድ እግር ቆመ፤ ያም እግር ባሕር ማዶ ነው።

ስለዚህም «ማን ይሂድ?» የሚለው ክፍት ጥያቄ ይሁን። ብቸኛው ገቢ ያለው ሰው ሲሄድና ሁለተኛው ገቢ ያለው ሰው ሲሄድ አደጋው አንድ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ያሉት አባት ወይም እናት ከመሄድ፣ ያላገባችው ታናሽ እህት ብትሄድ የሚሻልበት ቤት አለ። እሷም ፈቃደኛ ከሆነች ነው እንጂ፣ የቤተሰቡ ዕዳ ትከሻዋ ላይ ይጫን ለማለት አይደለም።

ወረቀቶቹ አሰልቺ ናቸው፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ውክልና ስጡ፣ ግን ለየትኛው ጉዳይ እንደሆነ የተወሰነ ይሁን፤ ሁሉን የሚያሸጥ የሚያስለውጥ ውክልና ለማንም አትስጡ። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ለልጅ የሚፈርመው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይኑር። ኑዛዜ ጻፉ፤ መጥፎ ምልክት አይደለም። የፓስፖርት፣ የቪዛ፣ የውልና የመድን ቅጂ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ቤት። እዚያ የሚገዛላችሁ የጤና መድን አብዛኛውን ጊዜ እናንተን ብቻ ስለሚሸፍን፣ እዚህ ለሚቀሩት ለብቻ አስቡ።

ጡረታን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከአገር ስትወጡ እዚህ የሚከፈለው መዋጮ ይቆማል፤ እዚያ የከፈላችሁት ደግሞ ላይደርሳችሁ ይችላል። በአሜሪካ የእርጅና ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት (ከሥራ ገቢ የሚጠራቀም ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ስለሆነ አሥር ዓመት መሥራት ማለት ነው። አንዳንድ አገሮች በስምምነት የአንዱን ዓመታት ከሌላው ጋር ይደምራሉ። የእናንተ አገርና የምትሄዱበት አገር እንዲህ ያለ ስምምነት እንዳላቸው ጠይቁ። የ25 ዓመት ወጣት ከሆናችሁ ቸል ልትሉት ትችላላችሁ። በ48 ዓመት የሚሄድ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ አይፈርም።

ልጆችን ደግሞ አታሞኙ። «ቶሎ እመጣለሁ» ለአምስት ዓመት ልጅ ቅዳሜ ማለት ነው። ቀኑን፣ በየስንት ጊዜው እንደምትደውሉ፣ ማን ጋር እንደሚያድሩ ንገሯቸው። ትልልቆቹን ጠይቁ። አንዳንዴ ከአዋቂ የተሻለ ነገር ይናገራሉ።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ

እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የስደት ጠቦች የሚጀምሩት እዚህ ነው። የሚልከው «ሁሉንም ልኬያለሁ» ይላል። የሚቀበለው «በልተነዋል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ገንዘቡን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ የወር አስቤዛ፣ ዕዳ፣ ጥሪት። የሚላክበት ቀን ቋሚ ይሁን። አስቤዛው በየወሩ እኩል ይሁን፤ ጥሩ ወር ሲመጣ ጭማሪው ወደ ዕዳና ጥሪት ይሂድ እንጂ ወደ አስቤዛ አይግባ። አንዴ ከፍ ያለ ኑሮ ዝቅ ሲል ያማል።

ጥሪቱ በስማችሁ ወይም በጋራ ስም ይሁን። አሜሪካ የሚኖሩ የኤል ሳልቫዶር ስደተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር። አገራቸው ባለው ባንክ ውስጥ ራሳቸው የሚያዩትና የሚቆጣጠሩት ሒሳብ ሲቀርብላቸው ቁጠባቸው ጨመረ። ቤተሰብን አለማመን አይደለም። ገንዘብ ባለቤት ሲኖረው ነው የሚጠራቀመው።

ከዘመድ ለሚመጣ ልመና ደግሞ የዓመት ጣሪያ አስቀምጡ። «ለዚህ ዓመት ይህን ያህል፣ ከዚያ በላይ የለም» የሚለው ውሳኔ የሁለታችሁ ይሁን፤ «አይቻልም» የሚለውን ስልክ ግን አንዳችሁ ብቻ ውሰዱት። በሐዋላም ስትልኩ የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ አትዩ፣ ምንዛሪው ላይ የሚደበቀውንም ቁጠሩ። «100 ስልክ ስንት ይደርሳቸዋል?» ብላችሁ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ቦታ አወዳድሩ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ግቦች ይህ ወጪ እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይላሉ። እስከዚያው የሚያወዳድር ሰው ነው የሚያተርፈው።

ደረጃ 8፦ የምትመለሱበትን ቀን ሳትሄዱ ጻፉ

«ገንዘቡ ሲሞላ እመለሳለሁ» ቀን አይደለም። ገንዘብ አይሞላም፤ አንዱ ሲሞላ ሌላ ጉድጓድ ይወለዳል። ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡና በደረጃ 2 ትርፍ አካፍሉት። የሚወጣው የወር ቁጥር ላይ ጥቂት ጨምራችሁ ቀን አድርጉት።

ከዚያ በፊት ግን የሚያስመልሳችሁን ነገር ጻፉ። ለምሳሌ ደሞዝ ሁለት ወር በተከታታይ ካልተከፈለ። ፓስፖርት ከተወሰደና አልመልስም ከተባለ። የተባለው ሥራ ሌላ ሆኖ ከተገኘና በሦስት ወር ካልተስተካከለ። እዚህ ደግሞ ልጆቹን የሚይዘው ሰው ከታመመ። ይህ ዝርዝር ሳትሄዱ ሊጻፍ የሚገባው፣ እዚያ ሆናችሁ ማሰብ ስለሚከብድ ነው። «ዕዳ ይዤ እንዴት እመለሳለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው መጥፎ ቦታ ላይ ዓመታት አስቀምጧል። እኔን አሥራ አንድ ወር አስቀምጦኛል። ያ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ ሚስቴ ትደውልና «ሁለት ወር ሆነ፣ ተስማምተናል፣ ና» ትለኝ ነበር። እኔ ብቻዬን መወሰን አይጠበቅብኝም ነበር።

በስድስተኛው ወር የመጀመሪያው እሑድ ለሁለታችሁም ቀጠሮ ያዙ። ደብተሩ እናንተ ጋር አንድ ቅጂ፣ ቤት አንድ ቅጂ ይኑር። ስልክ ደውሉ፤ ቪዲዮው ሌላ ቀን ይደርሳል፣ ይህ የሒሳብ ስልክ ነው። ደረጃ 2ን እንደገና ሥሩ፣ አሁን በእውነተኛው ኪራይና በእውነተኛው ደሞዝ። ከገመታችሁት በወር ስንት እንደራቀ አንዳችሁ ለሌላው አንብቡ። ከዚያ የመመለሻውን ቀን ወይ እንዳለ ተዉት ወይ አብራችሁ አሻሽሉት፣ ከጎኑም ፈርሙ።